«የት ደረሰ?» ለሚሉኝ አባቴ ምን ልበላቸው? የፈታሁትን ሞተር መግጠም አቃተኝ

ውድ አማካሪ፣

አባቴ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች ባለ 21 መስኮት ቮልስዋገን ሳምባ ሚኒባስ አለቻቸው። ልጆች ሆነን ስድስታችንንም ጭና ያሳደገችን እሷ ናት። ከ19 ዓመት በፊት ሞተሯ ከውስጥ መንኳኳት ጀመረ። ሲሞቅ ደግሞ ቆማ በሥራ ላይ ሳለች የዘይት መብራቷ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ያኔ አቆሟት፣ እስካሁንም እንደቆመች ናት። ባለፈው ዓመት አባቴን ልባቸውን አመማቸው። ከሆስፒታል ሲወጡ «75 ዓመት ሲሞላዎት በሳምባ ይዤዎት እወጣለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ቀኑ አራት ወር ቀርቶታል።

ሞተሩን አውርጄ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈታሁት። ባለ 1500 ሲሲ ነው፣ የመጀመሪያው የራሷ ሞተር። ስፈታው ግን ጥፋት ሠራሁ። ቫልቮቹን የሚገፉትን ስምንቱን ታፔቶች አንድ ጣሳ ውስጥ ጨመርኳቸው። የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸውን ብሮንዚኖች ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። የሞኖብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ሁለት ግማሾች እምቢ ሲሉኝ በካቻቪቴ ገፋኋቸው፣ ፊቱ ላይ ጭረት ቀረ። ሦስተኛውን ሲሊንደር ከሚያስሩት ረጃጅም ብሎኖች (ስታዶች) አንዱ ክሩን ይዞ ወጣ። ከቮላኖው (ፍሪሲዮኑ ከሚያርፍበት ከባድ መዘውር) ሥር የነበሩት ስስ ቀለበቶች፣ ሺሞቹ፣ ስንት እንደነበሩም አላስታውስም። ከመፍታቴ በፊት የኋላውን ፑሊ በእጄ ስገፋና ስስብ በዓይን የሚታይ ያህል ይንቀሳቀስ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ «ይህን ብረት ተወው፤ ዝግጁ የሆነ 1600 ገዝተህ ግጠምና አባታችንን አስደስት» ይለኛል። እኔ ግን የራሷ ቁጥር ያለበት ሞተር ከወጣ መኪናዋ ሌላ የምትሆን ይመስለኛል። ጋራዡን ከከፈትኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አባቴ በየቀኑ «የት ደረሰ?» ይሉኛል፤ እኔም «እየደረሰ ነው» እያልኩ እዋሻቸዋለሁ። ምን ላድርግ?

ጋራዡን መክፈት የፈራሁ

ውድ ወንድሜ፣

ሦስት ሳምንት በሩን ሳትከፍት መቆየትህ አይግረምህ። በአንድ በኩል የሚወዷት መኪና፣ በሌላ በኩል የታመሙ አባት፣ በመሃል የቀን ቀጠሮ አለ። ይህን ሁሉ አንድ ጣሳ ታፔት ላይ ስትጭነው እጅ መያዙ አይቀርም። ስለዚህ መጀመሪያ ሸክሙን ለያይተን እንየው። ከዘረዘርካቸው ጥፋቶች ውስጥ ሞተሩን የሚገድል አንድም የለም። ጭረቱ ይስተካከላል፣ የወጣው ስታድ በደንብ የሚታወቅ ጥገና አለው፣ የሺሞቹ ቁጥርም ቢሆን እንደ አዲስ የሚለካ ነገር ስለሆነ የድሮውን ማስታወስ አያስፈልግህም። የታፔቶቹ መቀላቀል ወጪ ያመጣብሃል እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። በእውነት የሚያሳስበው አንተ በመጨረሻ እንደ ትንሽ ነገር የጠቀስከው የፑሊው መንቀሳቀስ ነው። ያ ካንተ ስህተት አልመጣም፤ ከ19 ዓመት በፊትም የነበረ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለአባትህ ቃል ስትገባ ያልከው ምን ነበር? «በሳምባ ይዤዎት እወጣለሁ» ነው ያልከው። «በዚያው ሞተር» አላልክም። ሞተሩን ማዳን ያንተ ፍላጎት ነው፤ ጥሩ ፍላጎትም ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ሁለቱን አንድ ቃል ስላደረግሃቸው አራቱ ወር በሁለቱም ላይ ተጭኗል። የወንድምህ ሐሳብ የከበደህም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እሱ ስለ ቀኑ ያወራል፣ አንተ ስለ ሞተሩ ትሰማለህ። እስቲ ለይተህ አስበው፤ ቀኑ የአባትህ ነው፣ ሞተሩ ግን ቀን የለውም።

ከወንድምህ ጋር ከመነጋገርህ በፊት አባትህን አናግራቸው። ዛሬ ማታ «የት ደረሰ?» ሲሉህ «ፈትቼዋለሁ፤ ገና አልገጠምኩም፤ የምጠይቅዎት ነገር አለ» በላቸው። ይህን የምልህ ልብህን እንዲቀልልህ ብቻ ብዬ አይደለም። እሳቸው የሚያውቁትን ማንም ሌላ ሰው አያውቅም። ሞተሩ ከዚያ በፊት ተከፍቶ ያውቃል? መብራቱ ብልጭ የሚለው ሲሞቅ ብቻ ነበር ወይስ ቀዝቃዛም ሳለ? መንኳኳቱ ፍሪሲዮን ሲረግጡ ይለወጥ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ይጠቅማል። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ኮሎው፣ ማለትም ዋናው የሞተር ዘንግ (ክራንክሻፍቱ)፣ ወደ ፑሊው በኩል ይገፋል፤ ድምፁ በዚያ ቅጽበት የሚለወጥ ከነበረ ጥፋቱ የኮሎው ወደፊትና ወደኋላ መንሸራተት ላይ መሆኑን ያጠናክራል። ጤናቸው ከፈቀደ ወንበር አምጥተህ አጠገብህ አስቀምጣቸው፣ ደብተርና እርሳስም ስጣቸው። አንተ ስትለካ እሳቸው ይጻፉ። እውነትም የመለኪያ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ብቻውን የሚለካ ሰው ቁጥር ይረሳል።

አሁን ወደ ጋራዡ እንግባ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ መለየት ብቻ ይሁን፣ ምንም አትግጠም። ፒስተኖቹን ከኮሎው ጋር የሚያገናኙት ቢየላዎች ራሳቸውና ቆባቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተመቶባቸዋል፤ ቁጥሮቹን በአንድ ጎን አድርገህ አጣምራቸው። የቢየላ ቆብ ከሌላ ቢየላ ጋር ከተገጠመ ቀዳዳው ክብ አይሆንም፣ ብሮንዚኑንም ይበላዋል። በፌስታል ያሉት ብሮንዚኖች እንደገና ስለማይገጠሙ መቀላቀላቸው አያሳስብህ። ግን አትጣላቸው። ጀርባቸውን ጠርገህ የተመታባቸውን ጽሑፍ አባትህ ይመዝግቡልህ። 0.25 ወይም 0.50 የሚል ቁጥር ካለበት ኮሎው አንዴ ተሞርዷል ወይም የሞኖብሎኩ ቀዳዳ ሰፍቷል ማለት ነው። ያ ደግሞ ለቶርኖ ቤቱ የምትነግረውን ሁሉ ይለውጣል።

ታፔቶቹን በተመለከተ እያንዳንዱ ታፔት ቫልቮቹን በሚያንቀሳቅሰው ዘንግ (ካምሻፍት) ላይ ካረፈበት ጉብታ ጋር ለዓመታት ተፋጭቶ ተስማምቷል። ፊቱ ጠፍጣፋ ቢመስልም ሲሠራ በጣም ትንሽ ጎበጥ ተደርጎ ነው፤ እየሠራ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ያ ጎበጥ ማለቱ ነው። የሌላ ጉብታ ላይ ከዋለ መሽከርከሩን ያቆምና በጥቂት መቶ ኪሎሜትር ካምሻፍቱን ይልጠዋል። የተላጠው ብረትም ከዘይት ጋር እየዞረ አዲሱን ብሮንዚን ይበላል። ስለዚህ የትኛው የማን እንደነበር ለመገመት አትሞክር። አዲስ ካምሻፍትና ስምንት አዲስ ታፔት አብረህ ግጠም። አዲስ ታፔት ባረጀ ካም ላይ፣ ወይም አሮጌ ታፔት በአዲስ ካም ላይ አይሆንም።

ዋናው ነገር ሞኖብሎኩ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩል። የዚህ ሞተር ሞኖብሎክ ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ሲሆን፣ በሁለት ግማሽ ተከፍሎ ኮሎውንና ካምሻፍቱን በመሃሉ ጨብጦ ይይዛል። ቀላል ነው፤ ግን ለስላሳ ነው። አሲድ ያለበት ማጽጃ አታስነካው። ከእሱ የሚወጣ ብናኝም በእሳት በቀላሉ የሚያያዝ ስለሆነ ፋይል ስታደርግ ዙሪያህን አጽዳ። የካቻቪቴው ጭረት በጥፍርህ ሲነካ ከፍ ያለ ጠርዝ ካለው ያንን ጠርዝ ብቻ በጠፍጣፋ የዘይት ድንጋይ አስተካክለው። ጉድጓዱን ለመሙላት ብለህ ፊቱን በሙሉ አትሞርደው፤ ሁለቱ ፊቶች የሚገናኙት ያለ ጋርኒሲዮን፣ በስስ ማስቲሽ ብቻ ነው፤ ጥቂት ብትቀንስ የኮሎው ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል።

ቀጥለህ በሦስተኛው ሲሊንደር ጀርባ፣ ቮላኖው በሚቀመጥበት ጎን፣ ስንጥቅ ፈልግ። በቤንዚን ጠርገህ ካደረቅኸው በኋላ ቀለም ሰርጎ ስንጥቅ በሚያሳየው መርጫ ተመልከተው። ከዚያ ሁለቱን ግማሾች ያለ ብሮንዚን ገጥመህ ስድስቱን ትልልቅ ባለ 12 ሚሊሜትር ስታዶች እሰር። ተራ ዳዶና ሮንዴላ ካላቸው 34 ኒውተን ሜትር፣ የላስቲክ ቀለበት ያለው የማሸጊያ ዳዶ ከሆነ 25 ነው። አሁን የኮሎውን ቀዳዳዎች በውስጥ ማይክሮሜትር ለካ። ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው የተሠሩት በ65 ሚሊሜትር ነው፤ በፑሊው በኩል ያለው አራተኛው 50 ነው። እያንዳንዱን ወደላይ፣ ወደጎንና በሰያፍ ለካና አባትህ ይጻፉ። ልዩነቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ካለፈ ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር ተቦርቡረው ውጪው የተለቀ ብሮንዚን ይገባባቸዋል። ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚጎዳው መሃለኛው፣ ማለትም ሁለተኛው፣ ነው። ሁለቱ ግማሾች እየተንቀጠቀጡ እርስ በርስ የሚቀጠቀጡት እዚያ ስለሆነ በመገናኛው ፊት ላይ የተወለወለ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ምልክት ታያለህ።

የፑሊው ነገር የሚፈታው ደግሞ አንደኛው ቀዳዳ ላይ፣ በቮላኖው በኩል ነው። ኮሎው ወደፊትና ወደኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ትከሻ ያለው አንደኛው ብሮንዚን ነው። መንሸራተቱ መሆን ያለበት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን 0.15 ሲደርስ ወሰኑን ነክቷል። በዓይን የሚታይ ከሆነ ከዚያ ብዙ አልፏል። ብሮንዚኑ ራሱ ብቻ አልቆ ከሆነ በአዲስ ብሮንዚንና በሺም ይስተካከላል። ነገር ግን ብሮንዚኑ በመቀመጫው ውስጥ መሄድና መምጣት ከጀመረ ትከሻው የሚደገፍበትን የሞኖብሎኩን ፊት በልቶታል፤ በዚህ ጊዜ የፈለግኸውን ያህል ሺም ብትጨምር ብሮንዚኑ ራሱ ስለሚንሸራተት ምንም አይያዝም። ያኔ ፊቱ ተሞርዶ ትከሻው ወፍራም የሆነ ብሮንዚን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሞተር ሠርቶ በዓመቱ እንደገና የሚያንኳኳው ይህን ሳያይ ሲዘጋው ነው።

ክሩን ይዞ የወጣው ስታድ ባለ 10 ሚሊሜትሩ ነው። መፍትሔው ከውጪም ከውስጥም ክር ያለው የብረት እጅጌ ነው። አንዱ ከወጣ ሌሎቹም ደክመዋል ማለት ስለሆነ አሥራ ስድስቱንም አሠራቸው። በእጅ ድሪል አትሞክረው፤ ቀዳዳው ትንሽ ካዘነበለ ሲሊንደሩ አይቆምም። ሞኖብሎኩ ቶርኖ ቤት ከሄደ አይቀር የዘይት መተላለፊያዎቹን ድፍን መድፈኛዎች አስቦርቡረህ ክር ባለው መድፈኛ ለውጣቸው። የተሠራ ሞኖብሎክ ውስጥ የቀረ ብናኝ መድፈኛው ካልተነሳ በምንም ዓይነት እጥበት አይወጣም። አንድ አደራ ደግሞ አለ። የሞተሩ ቁጥር የተመታው ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር ባለው ፊት ላይ ነው። ቶርኖ ቤቱ እዚያ ቦታ እንዳይነካ በግልጽ ንገራቸው፤ ከመስጠትህ በፊትም ፎቶ አንሳው።

አሁን ወደ ወንድምህ። 1600ው ቀላል መንገድ መስሎት ነው፣ በከፊልም ልክ ነው። ያንተ መኪና ግን ባለ 6 ቮልት ናት። የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ አለው፣ የ12 ቮልቱ 130። ዝግጁውን ሞተር ከነ 12 ቮልት ቮላኖው ብትገጥም ቮላኖው ከካምቢዮው ቤት ግድግዳ ጋር ይፋጫል፤ ግድግዳው ካልተላገ አይዞርም፣ ያንተ ሞተሪኖም ከአዲሱ ቮላኖ ጥርስ ጋር አይገጥምም። ካምቢዮውን ማላግ ደግሞ የማይመለስ ጉዳት ነው፤ እሱን እቃወማለሁ። ያንተን ቮላኖ ወደ አዲሱ ሞተር ማዛወር ግን ይቻላል። ሲዛወር ቮላኖው የላስቲክ ቀለበት ጉድጓድ አለው ወይስ ስስ ጋርኒሲዮን ይወስዳል የሚለውን አይተህ በዚያው ልክ ግጠመው። በተጨማሪ 1600ው ባለ ሁለት ቀዳዳ ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ካለው የራሱን ማኒፎልድና አየር የሚመራ የሲሊንደር ላሜራ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ1971 ወዲህ ያለ ሞኖብሎክ ከሆነ ደግሞ ያንተ የዘይት ማቀዝቀዣ የሚቀመጠው ሁለቱ ጫፋቸው በተለያየ ስፋት በተሠራ ጎሚኒ ነው። «ገዝቶ መግጠም» የሚባለው ነገር ውስጡ ይህ ሁሉ አለበት። ወንድምህ ይህን ሲሰማ የአንተን መቆየት የሚረዳው ይመስለኛል።

በሁለታችሁ መሃል ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ያንተ 1500 የፒስተኑ ስፋት 83 ሚሊሜትር፣ የኮሎው ጉዞ 69 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ 1493 ሲሲ ይሰጣል። የ1600ው ፒስተን 85.5 ሲሆን የኮሎው ጉዞ ያው 69 ነው። የ85.5ቱ ሲሊንደርና ፒስተን በ1500 ሞኖብሎክና ቴስታታ ላይ ያለ ምንም መቦርቦር ይገባል። ያኔ ሞተሩ 1584 ሲሲ ይሆናል፤ ቁጥሩ የራሷ፣ መልኩም የድሮው። ወንድምህ ጉልበት ፈልጎ ከሆነ አግኝቷል፤ አንተም የራሷን ሞተር አልጣልክም። እኔ ባንተ ቦታ ሆኜ ብመርጥ፣ ሞኖብሎኩ ካልተሰነጠቀ ይህን እመርጣለሁ። ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ያለፈ ከሆነ ግን አትበየደው። በዘይት ጠርገህ ጠቅልለህ አስቀምጠውና በሌላ ሞኖብሎክ ሥራ።

ሞኖብሎኩ ከዳነ ቀሪው ትዕግሥት ነው። ኮሎውን ለካ፤ ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው መቀመጫውም፣ የቢየላዎቹም 55 ሚሊሜትር ነው፣ አራተኛው 40። ከክብነቱ ከ0.03 በላይ ከወጣ በ0.25 ይሞረድ። ሦስተኛው ብሮንዚን ሙሉ ቀለበት ስለሆነ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ጥርስ ከመግባቱ በፊት ኮሎው ላይ መግባት አለበት፤ ጥርሱ ከገባ በኋላ መንገድ የለውም። ጥርሶቹን ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቀህ አስገባቸው። ቢየላዎቹን በአዲስ ዳዶ በ33 ኒውተን ሜትር ካሰርክ በኋላ እያንዳንዱ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውደቅ አለበት። ቆሞ ከቀረ ወይም ዱብ ካለ ፍታው።

ሞኖብሎኩ ውስጥ ከሚቀመጡት የኮሎው ብሮንዚኖች መሃለኛው ብቻ ሁለት ግማሽ ነው፤ ሌሎቹ ድፍን ቀለበት ናቸው። ሁሉም ግን በሞኖብሎኩ ውስጥ በቆሙ ትንንሽ ሚስማሮች ላይ ይቀመጣሉ። ሞተር ሲዘጋ ትልቁ ጥፋት ብሮንዚኑ ሚስማሩ ላይ ሳይቀመጥ ዳዶ ማጥበቅ ነው። ብሮንዚኑ ይጨፈለቃል፣ ሚስማሩም ሞኖብሎኩን ይበሳል። ስለዚህ ስድስቱን ትልልቅ ዳዶዎች በደረጃ ስታጠብቅ በየደረጃው ኮሎውን በእጅህ አዙረው። መዞር እምቢ ካለ ማጥበቁን አቁም፣ ክፈተው። ትንንሾቹን ባለ 8 ሚሊሜትር በ20 ኒውተን ሜትር እሰር። ከመዝጋትህ በፊት ሁለት ነገር እይ። የካም ጥርሱ አንድ ነጥብ በኮሎው ጥርስ ሁለት ነጥቦች መሃል ይሁን፤ በካምሻፍቱ ጫፍ ያለችው ክብ መድፈኛም ቦታዋ ትግባ። መድፈኛዋ ከተረሳች ዘይቱ በቀጥታ ወደ ፍሪሲዮኑ ይሄዳል፣ እሷን ለመመለስ ደግሞ ሞተሩ በሙሉ ይፈታል። ኮሎውን ወደኋላ ስታዞረው ካምሻፍቱ ከመቀመጫው ብድግ ለማለት ከሞከረ ጥርሶቹ ጠብቀዋል፤ ሌላ ልክ ያለው የካም ጥርስ ያስፈልግሃል።

ያሳሰቡህ ሺሞች ሦስት ናቸው፤ ሁልጊዜም ሦስት ናቸው። መጀመሪያ የዘይት ሲሉን ሳታስገባ ሁለቱን ብቻ አድርገህ ቮላኖውን እሰር፤ ጋርኒሲዮን የሚወስድ ከሆነ ከነጋርኒሲዮኑ። ባለ መርፌ መለኪያ አቁመህ ኮሎውን ግፋና ሳብ። 0.44 ካነበብክ 0.10 ትቀንስና ሦስተኛው ሺም 0.34 ይሆናል። ከዚያ ሲሉን አስገብተህ ሦስቱንም ገጥመህ እንደገና ለካ። የቮላኖው ባለ 36 ዳዶ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ያን ያህል የሚለካ መፍቻ ከሌለህ አንድ ሜትር የሆነ ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ መጫን ያው ነው።

የቴስታታውን ነገር ባጭሩ ልንገርህ። በሁለቱ የቫልቭ መቀመጫዎች መሃልና ወደ ካንዴላው ቀዳዳ ስንጥቅ ፈልግ። የጭስ ማውጫ ቫልቮችን ደህና ቢመስሉም ለውጣቸው፤ ግንዳቸው በሙቀት ተስቦ አንድ ቀን ይበጠሳል፣ ቁራጩም ፒስተኑን ይበሳል። ይህ ከሁሉ በላይ የሚደርሰው በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ከበላዩ ቆሞ አየሩን ስለሚወስድበት ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። ስለዚህ አንዲት ላሜራ እንኳ «ትርፍ ናት» ብለህ አታስቀር፤ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጎሚኒም አዲስ አድርገው። ፒስተኖቹ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖው ይመልከት፣ የፋሻዎቹ አፍ ክፍተት ከ0.30 እስከ 0.45 ይሁን፣ የፑሽሮድ ቱቦዎቹንም ከመግጠምህ በፊት ጎትተህ 190 ሚሊሜትር አድርሳቸው፤ ካልተዘረጉ ዘይት ያፈሳሉ። ቴስታታውን መጀመሪያ በ10፣ ቀጥሎ በ31 ኒውተን ሜትር እሰር። የቫልቩን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ 0.15 ሚሊሜትር አድርገው።

አዲስ ካም የሚሞተው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። 2.5 ሊትር ዘይት አድርግ፣ ዚንክ ያለበት ይሁን። ካንዴላዎቹን አውጥተህ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙረው። የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር አድርገህ፣ የእሳቱን ተራ 1-4-3-2 መሆኑን አረጋግጠህ፣ ካርቡራተሩ ቤንዚን መያዙን አይተህ ነው ቁልፍ የምታዞረው። ሲነሳ ወዲያው ወደ 2000 ዙር አድርሰውና ለ20 ደቂቃ በዚያው ያዘው፤ ቆሞ በቀስታ እንዲሠራ አትተወው። ታፔቶቹ የሚለምዱት በሚረጭ ዘይት ነው፣ በዝግታ ሲሠራ ደግሞ የሚረጨው ትንሽ ነው። ከዚያ ዘይቱን ለውጥ፤ በ500 ኪሎሜትር እንደገና ለውጥና ቫልቩን አስተካክል።

የቀረው የቀን መቁጠሪያው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የመለየትና የመለካት ብቻ ይሁን። በሁለተኛው ሳምንት ቶርኖ ቤቱ ሥራውን የሚያስረክብህን ቀን በጽሑፍ ያዝ። ሞኖብሎኩ ከልደቱ አምስት ሳምንት አስቀድሞ የሚመለስልህ ከሆነ የራሷን ሞተር ሥራ። ከዚያ የሚዘገይ ከሆነ ግን ለወንድምህ ደውልና 1600ውን አብራችሁ ግጠሙ፤ ባንተው ባለ 109 ጥርስ ቮላኖ፣ ካምቢዮው ሳይነካ። አባትህ በቀናቸው ይወጣሉ። የራሷ ሞተር ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ቀን ሳይቆረጥለት ይሠራል፣ አባትህም ወንበራቸው ላይ ሆነው ቁጥር ይጽፉልሃል። ሞተሩን መልሶ ማስገባት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ለነገ ግን ይህን ሁሉ አትያዝ። በሩን ክፈት፣ ጠረጴዛውን ጥረግ፣ አራቱን ቢየላዎች ከነቆባቸው ደርድርና አባትህን ጥራቸው።